ለቡሬው ባለ ጋራዥ፦ መሬት ውስጥ የተቀበረውን የዘይት ታንከር በተመለከተ

ጥያቄ፦ ቡሬ ከተማ አስፋልት ዳር በተከራየሁት ግቢ ጋራዥ ከከፈትኩ 7 ዓመት ሆነኝ። ከመኪና የሚወጣውን የተቃጠለ ዘይት የማጠራቅመው መሬት ውስጥ ባስቀበርኩት አሮጌ ታንከር ነው። ለአጥርና ለቤት ምሰሶ የምስጥ መከላከያ የሚፈልጉ ገበሬዎች ሲመጡ በጀሪካን እሸጥላቸዋለሁ። ከኅዳር እስከ መጋቢት ግን ምንም አልሸጥኩም፤ በሳምንት 40 ሊትር ያህል እየጨመርኩበትም ምልክት ባደረግሁበት ዘንግ ስለካው ከፍ አላለም። አሁን ጎረቤቴ “የጉድጓድ ውሃችን ናፍጣ ናፍጣ ይላል” ብላ አመለከተች። የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያዎች ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ገብተው ፎቶ አነሱ፤ ያለ ፈቃድ አደገኛ ቆሻሻ አከማችተሃል የሚል ደብዳቤም ሰጡኝ። ደብዳቤው ከደረሰኝ 3 ቀን ሆኖታል። አገባባቸው ሕጋዊ ነው? ፈቃድ ባወጣስ ታንከሩን መጠቀም እችላለሁ? 7 ዓመት ያለፈው ነገር በይርጋ (የመክሰሻ ጊዜው በማለፉ) አይታገድም?

መልስ፦ ከጠየቁኝ ሁሉ ይልቅ ያስደነገጠኝ እግረ መንገድዎን የጠቀሱት የዘንጉ ነገር ነው። በሳምንት 40 ሊትር በ5 ወር ከ800 ሊትር በላይ ይሆናል። ይህ ሁሉ ዘይት ተጨምሮበት ምልክቱ ካልተነሳ ዘይቱ ታንከሩ ውስጥ የለም፤ መሬት ውስጥ ነው።

በሕግ በኩል ይህ እውቀትዎ ነገሩን ይለውጠዋል። ማፍሰሱን ሳያውቁ የቆዩበት ጊዜ ቢበዛ ቸልተኝነት ይባል ይሆናል። ዘንጉን አይተው፣ ነገሩ ገብቶዎት መጨመሩን ከቀጠሉ ግን “የመጣው ይምጣ” ብሎ እንደሠራ ሰው ይቆጠራሉ፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 58 ደግሞ ይህንን አስቦ እንደተፈጸመ ያየዋል። ሕግን ተላልፎ በካይ ነገር ወደ አካባቢ መልቀቅ በአንቀጽ 519 እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ሊያስቀጣ ይችላል፤ በሰው ጤና ወይም ሕይወት ላይ ከባድ ጉዳት ካስከተለ እስከ 10 ዓመት ይደርሳል። አደገኛ ቆሻሻን በአግባቡ አለመያዝ ብቻውን አንቀጽ 520 ሥር የሚወድቅ ወንጀል ነው። ስለዚህ እባክዎ ከዛሬ ጀምሮ አንዲት ጠብታ አይጨምሩበት።

የባለሙያዎቹ አገባብ ሕጋዊ ነው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ለአካባቢ ተቆጣጣሪ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ገብቶ የማየት፣ ፎቶ የማንሳትና ናሙና የመውሰድ ሥልጣን ይሰጠዋል። መታወቂያውን እንዲያሳይዎ መጠየቅ ይችላሉ፤ መከልከል ግን ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። በዚህ ላይ ተከራክረው ጊዜ አያባክኑ።

ወደ ፈቃዱ ልምጣ። የተቃጠለ ዘይት ተራ ጥራጊ አይደለም። ኢትዮጵያ አባል የሆነችበት፣ የአደገኛ ቆሻሻን ከአገር አገር ዝውውር የሚቆጣጠረው የባዝል ስምምነት ለታሰበለት አገልግሎት የማይሆን የማዕድን ዘይትን ቁጥጥር ከሚደረግባቸው ቆሻሻዎች መዝገብ አስፍሮታል። አዋጅ 300/1995 አደገኛ ቆሻሻን ያለ ፈቃድ ማመንጨትም፣ ማከማቸትም፣ ማጓጓዝም ይከለክላል። ከዚያ ወዲህ የወጣው የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1090/2010 ደግሞ ጉዳዩን በራሱ ሕግ ይዞታል። ስለዚህ ፈቃድ ማውጣት ግዴታዎ ነው፤ ይሁንና የሚያፈስ ታንከር በፈቃድ አይጸድቅም። የተቀበረ ብረት ዝገቱ አይታይም፤ እርስዎም ያወቁት በዘንግ ነው።

ለማውጣት ሲነሱ በራስዎ ቁፋሮ አይጀምሩ። ደብዳቤውን ለሰጠዎ መሥሪያ ቤት “ታንከሩን ባዶ አድርጌ ላወጣ ነው፤ ባለሙያ ይገኝልኝ” ብለው በጽሑፍ ያመልክቱ፤ ቀሪውን ኮፒ ማኅተም አስመትተው ይያዙ። በሌሊት አፈር ሞልቶ ሲሚንቶ ማልበስ የሚመክርዎ ሰው ካለ አይስሙት። ፎቶው ተነስቷል፤ መሸፈኑም ሌላ ማስረጃ ይሆንብዎታል። ቁፋሮውም ክረምቱ ሳይገባ ይለቅ። ሰኔ ላይ ዝናቡ ወደ መሬት ሲሰርግ አፈሩ ውስጥ ያለውን ዘይት ወደ ውሃው ይነዳዋል፤ የጎረቤትዎ የጉድጓድ ውሃም ያን ጊዜ ይብሳል፤ ዘይቱ ቀስተ ደመና መስሎ ሊንሳፈፍበት ይችላል። ከታንከሩ ሥር ዘይት የጠጣው አፈርም ራሱ አደገኛ ቆሻሻ ስለሆነ ወደ ገደል አይጣልም።

ከዚያ በኋላ የሚያስፈልግዎ ውድ ነገር አይደለም። ጣሪያ ያለው ሲሚንቶ ወለል፣ ክዳናቸው የሚገጥም 200 ሊትር የሚይዙ በርሜሎች፣ ዙሪያውን ደግሞ የፈሰሰውን የሚይዝ ዝቅተኛ ግንብ። በብዙ አገር የሚሠራበት ልክ ግንቡ ትልቁ ዕቃ ከሚይዘው 10 በመቶ የሚበልጥ እንዲይዝ ነው፤ ለአንድ በርሜል 220 ሊትር ማለት ነው። በርሜሉ ላይ “ያገለገለ የሞተር ዘይት፣ አደገኛ ቆሻሻ” ብለው ከነቀኑ ይጻፉ። የባትሪ አሲድ አይቀላቅሉበት። ዘይት የጠጣ ሰጋቱራና አሮጌ ፊልትሮም ለብቻ ይቀመጥ። ምን ያህል ሊትር እንደገባ፣ ማን እንደወሰደ፣ የወሰደው ሰው ፈቃድ እንዳለው የሚያሳይ መዝገብ ይኑርዎ፤ ፍርድ ቤት ስንቆም ጠበቃ የሚይዘው ይህን ነው።

የጀሪካኑን ሽያጭ ያቁሙ። ገበሬው ክፋት የለበትም፤ ምስጥ ጎጆውን እየበላበት ነው። ግን የተቃጠለ ዘይት እንደ እርሳስ ያሉ ብረቶችን ሊይዝ ይችላል፣ ጀሪካኑም ምሰሶ ከተቀባ በኋላ አይጣልም። በዚያ አካባቢ ያለ ጀሪካን ውሃ ይቀዳበታል፣ ጠላም ይጠመቅበታል። ይህን ሳስብ ከሕጉ ይልቅ ልጆቹ ናቸው ትዝ የሚሉኝ።

ስለ ይርጋው፣ ተስፋዎ አይሠራም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2143 ከውል ውጭ ላለ ጉዳት የ2 ዓመቱ ጊዜ የሚቆጠረው ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ እንጂ ታንከሩ ከተቀበረ ጀምሮ አይደለም። የጎረቤትዎ ውሃ የሸተተው ዘንድሮ ነው። አንቀጽ 2069 ደግሞ መርዛማ ነገር አከማችቶ ሌላውን ለአደጋ ያጋለጠ ሰው አደጋው ሲደርስ ይከፍላል ይላል። ጎረቤትዎ የእርስዎን ጥፋት ማስረዳት አይጠበቅባትም፤ የመንግሥት ፈቃድ ቢኖርዎት እንኳ ከዚህ አያድንዎትም። ግቢው የኪራይ መሆኑም ለእርሷ መልስ አይሆንም።

ስለዚህ ዛሬ ሄደው ያነጋግሯት። ውሃው እስኪመረመር ድረስ የሚጠጣ ውሃ ያቅርቡላት። ሽማግሌ ገብቶ ካሳውን ከጨረሳችሁ፣ ስምምነቱን በጽሑፍ አድርጋችሁ በምስክር ፈርሙ። የሽማግሌ እርቅ ግን የወንጀሉን ክስ አያስቀርም፤ ዐቃቤ ሕግ የራሱን መንገድ ይሄዳል።

ደብዳቤውን መቃወም ከፈለጉ በ10 ቀን ውስጥ ለመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አቤት ማለት ይችላሉ። 3ቱ አልፈዋል። እኔ ብሆን በቀሩት 7 ቀናት ታንከሩን ለማውጣት በቂ ጊዜ እንዲሰጠኝ እጠይቅበታለሁ። ማመልከቻው ላይ የዘንጉን ነገርም ራስዎ ይጻፉት። ሌላ ሰው ቀድሞ እንዲናገረው አይጠብቁ።