መልስ፦ በአጭር ርቀት ሩጫ ብቻ መተዳደር ይቻላል?

ጤና ይስጥልኝ። 100 ሜትርን በ10.8 ሰከንድ የሚሮጠው ታናሽ ወንድምዎ ሥራውን ትቶ በሩጫ ብቻ መተዳደር ይችል እንደሆነ ጠይቀዋል። በ10.8 ሰከንድ አይችልም፤ ለ2024ቱ የፓሪስ ኦሊምፒክ የተቀመጠው የወንዶች ሚኒማ (ለመሳተፍ የሚያበቃው ሰዓት) 10.00 ሰከንድ ነበርና፣ ልዩነቱ ከዓይን ቅጽበት የማይበልጥ ቢመስልም ትራኩ ላይ ሰባት ስምንት ሜትር ወደ ኋላ መቅረት ማለት ነው።

ብዙዎች ገቢው ከሽልማት የሚመጣ ይመስላቸዋል። በዳይመንድ ሊግ፣ ማለትም ታላላቅ አትሌቶች በተለያዩ ከተሞች በሚወዳደሩበት ዓመታዊ ተከታታይ ውድድር፣ በ2025 ከፍጻሜው በፊት አንድ ውድድር ያሸነፈ አብዛኛውን ጊዜ 10,000 ዶላር ያገኝ ነበር፤ በ2025ቱ የዓለም ሻምፒዮና ወርቅ 70,000 ዶላር ሲያስገኝ፣ በፍጻሜው ስምንተኛ የወጣው ግን 5,000 ብቻ ነበር የሚደርሰው። ከዚያ ላይ የማናጀር ድርሻና ግብር ይነሣል።

ዋናው መተዳደሪያ ከስፖርት ትጥቅ አምራች ኩባንያ ጋር የሚደረገው ውል ነው፤ የዩሴን ቦልት ሀብት እንኳ በአብዛኛው ከፑማና ከሌሎች ስፖንሰሮች የመጣ ነው። ይሁን እንጂ ብዙ ውሎች ሯጩ ደረጃው ሲወርድ ወይም የታፋው ጡንቻ ተጎድቶ ከውድድር ሲርቅ ክፍያው የሚቀነስበት አንቀጽ ስላላቸው፣ ከመፈረም በፊት እሱን ደጋግሞ ማንበብ ይገባል። ቃል የተገባ ሽልማትም ቢሆን እጅ እስኪገባ አይታመንም፤ በ2025 የተጀመረው ግራንድ ስላም ትራክ የተባለው ተከታታይ የሩጫ ውድድር ለአሸናፊዎች 100,000 ዶላር እንደሚሰጥ ካስታወቀ በኋላ አራተኛውን ውድድር ሰርዞ የሯጮቹን ክፍያ አዘግይቷል።

ወንድምዎ አገር ቤት ከሆነ የወር ደመወዝ የሚከፍል ክለብ ይሞክር፤ እስከዚያው ሥራውን አይልቀቅ። በነገራችን ላይ፣ ሰዓቱ በእጅ የተያዘ ከሆነ በኤሌክትሮኒክ መለኪያ 11 ሰከንድ ገደማ ሊሆን ስለሚችል አስቀድሞ ያንን ያረጋግጥ።