የአንድ በር ቤት፦ ስለ ወደብ፣ ስለ ሐዲድና ስለ አህጉራችን ስጋት ጥያቄና መልስ

በድሬዳዋ ምድር ባቡር ጥገና ክፍል ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ስለ ንግድ መስመርና ስለ ወደብ የምትፈልጉትን ጠይቁኝ። ጥያቄያችሁ ግን ቦታና ዕቃ ይኑረው።

ከከዚራ፦ ጋሼ፣ የአፍሪካ ትልቁ ስጋት ምንድን ነው?

የየትኛዋ አፍሪካ? ማሊ፣ ቡርኪና ፋሶና ኒጀር ከምዕራብ አፍሪካ አገሮች ማኅበር ከኢኮዋስ የወጡበት ጣጣና የእኛ የወደብ ችግር በአንድ መድኃኒት አይድኑም። አገር ጥቀስና ተመለስ።

የመጋላ ነጋዴ፦ ዕቃዬ የሚመጣው ከቻይና ነው። ቀይ ባሕር ላይ መርከብ ሲመታ የእኔ ማጓጓዣ ለምን ይወደዳል?

ጥያቄ ማለት ይህ ነው። ጂቡቲ ከባብ ኤል መንደብ በስተደቡብ ስለሆነች ከቻይና የሚመጣ መርከብ ጠባቡን መተላለፊያ ማቋረጥ አያስፈልገውም። ነገር ግን ትልልቆቹ መርከቦች ወደ ስዊዝ ሲያልፉ ነበር የእኛን ጭነት የሚያራግፉት። ከኅዳር 2016 ዓ.ም. ወዲህ የየመን ሁቲዎች መርከብ መምታት ሲጀምሩ ብዙዎቹ በደቡብ አፍሪካ ዞሩ፤ ወደዚህ ብቅ ለሚለው ደግሞ ኢንሹራንሱ ናረ። ልዩነቱን የምትከፍለው አንተ ነህ።

ከገቢና ወጪ ንግዳችን ከዘጠና በመቶ በላይ የሚሆነው በጂቡቲ ያልፋል። ግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ተነሥቶ የአሰብ ወደብ ስትዘጋብን ጂቡቲ ስለነበረች ተረፍን። ዛሬ ጂቡቲ ብትታወክ በእሷ ልክ የሚተካት የለም። አንድ በር ብቻ ያለው ቤት ውስጥ ነን።

የጅግጅጋ መንገደኛ፦ የሶማሌላንድ ወደብ በርበራ አለችልን! ታኅሣሥ 2016 ከሶማሌላንድ ጋር የመግባቢያ ስምምነት ተፈርሟል።

ከሳቢያን፦ በዓመቱ ደግሞ ከሶማሊያ ጋር አንካራ ላይ ሌላ መግለጫ ወጣ። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀረ ማለት ነው።

የጅግጅጋ መንገደኛ፦ ቀረ ያለህ ማን ነው?

ሁለታችሁም ተዉ። የጠየቃችሁኝ ስለ መንገድ ነው፤ ስለ ፊርማ ሌላ ሰው ጠይቁ።

ከለገሃሬ፦ አዲሱ ባቡር እያለ ምን ያሰጋናል?

ባቡሩን እወደዋለሁ። ከአዲስ አበባ እስከ ጂቡቲ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ በኤሌክትሪክ መጓዝ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን መብራት ሲጠፋ ባቡሩም ይቆማል፤ መለዋወጫውም የሚመጣው ከባሕር ማዶ፣ በዚያችው በአንድ በር ነው። እኛ የድሮው መስመር ሰዎች የባቡሩ የብረት ጎማ ሲበላ አውልቀን ቶርኖ፣ ማለት ብረት መላጫ ማሽን ላይ እናስረው ነበር። ብረቱ እየተላጨ እንደ ጥምዝምዝ ሪባን እግራችን ሥር ይወርዳል፤ አለቃችን ጠርዙን በአውራ ጣቱ ዳብሶ «ገና ነው» ይለናል። በ1969 ዓ.ም. መስመሩ በጦርነት ተቆርጦ እንደገና ሲቀጠል የጠገኑት እንዲህ ያሉ እጆች ነበሩ። አንድ አገር ጉዳት ደርሶበት የሚነሣው ጠጋኝ ሲኖረው ነው። ወጣቶቹን ቶርኖ አስተምሯቸው! ይህን ሳልናገር የቀረሁበት ስብሰባ የለም።

የጀጎል ልጅ፦ ሐረር ሆነን የጂቡቲ ነገር ምን ይመለከተናል?

ሐሮማያ ሐይቅ የደረቀ ጊዜ ምን ጠጣችሁ? አሁን ውኃው ቢመለስም ኋላ የደረሰላችሁ ከድሬዳዋ ቆላ ሽቅብ የሚገፋ ውኃ ነው። ፓምፑ ሲቆም ጀሪካኑ ይሰለፋል። ያም አንድ በር ነው።

ከሳቢያን፦ የድሬዳዋን ውኃችንን ወሰዳችሁ እኮ!

የጀጎል ልጅ፦ የምትበሉት አትክልትስ ከየት ነው የሚወርደው?

በቃ! ጎረቤታሞች ናችሁ።

ከአዲስ ከተማ፦ የአፍሪካ ነፃ የንግድ ቀጣናስ?

ስምምነቱ በ2011 ዓ.ም. ጸንቷል። ፉርጎ የሚጎትተው ግን ሎኮሞቲቭ ነው።

ከከዚራ፦ ስለዚህ በአጠቃላይ አፍሪካ ምን ትሁን?

አገር ጥቀስ አልኩህ እኮ።

የመጋላ ነጋዴ፦ ታዲያ እኔ ምን ላድርግ? ጭነቴን ወደ በርበራ ላዙረው?

አታዙረው። ጂቡቲ ሳትታወክ አንድ ኮንቴይነር ብቻ በዚያ ማስመጣት ይቻል እንደሆነ ትራንዚተርህን፣ ዕቃህን ከጉምሩክ የሚያስወጣልህን ሰው ጠይቀው። ከተቻለ ወረቀቱ የት እንደሚዘገይ፣ ድንበሩ ላይ በቶጎ ውጫሌ ስንት ቀን እንደሚቆም በደብተር ጻፍና አምጣልኝ፤ አብረን እናየዋለን።