እናቴን የት ልውሰዳት?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ከዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እናቴ ከጥምቀት በኋላ ከደሴ መጥታለች፤ እስከ ሰኔ ከእኔ ጋር ትቆያለች። 71 ዓመቷ ነው። እኔ ቀን መጋዘን ውስጥ፣ ማታ መኪና ማቆሚያ ውስጥ እሠራለሁ፤ ዕረፍቴ ማክሰኞ ብቻ ናት። የአውሮፕላን ትኬቷን ዕዳ ገና ከፍዬ ስላልጨረስኩ ለመዝናኛ የማወጣው ገንዘብ የለኝም። እሷም ከእሑድ ቅዳሴ በቀር ከቤት አትወጣም። ባለፈው ሳምንት ሌሊት ስገባ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ጠበቀችኝና «ልጄ፣ በዚህ አገር ሰው የሚባል የለም እንዴ?» አለችኝ። እንቅልፍ ነሳኝ። ያለ ገንዘብ የት ልውሰዳት? ጉልበቷንም ያማታል።
የእናቱ ልጅ

መልስ፦ ልጄ፣ ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። እናቴ በ2009 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከደብረ ማርቆስ ስትመጣ እኔም እንዳንተው ጊዜም ገንዘብም የለኝም እያልሁ ሁለት ወር ሙሉ ቤት ውስጥ አስቀመጥኋት። ቀኑን ሙሉ የጎረቤት መኪና ሲወጣና ሲገባ ትቆጥር ነበር። በኋላ ጸጸቱ ሲበዛብኝ በአንድ ቅዳሜ አምስት ቦታ አዞርኋት። ማታ እግሯ አብጦ ጨው በገባበት ሙቅ ውሃ ስዘፈዝፍላት አንዲት ቃል አልተናገረችኝም፤ ያ ዝምታዋ እስከ ዛሬ ያመኛል። አንተ ይህን አትድገም። በአንድ ቀን አንድ ቦታ ብቻ፤ ከሁለት ሰዓት በላይም አትቆዩ።

ስለ ገንዘቡ ልብህ ይረፍ። የምትኖረው ያለ ክፍያ ብዙ ነገር ከሚታይባቸው የዓለም ትልልቅ ከተሞች ከአንዷ አጠገብ ነው። ጄምስ ስሚዝሰን የሚባል እንግሊዛዊ የሳይንስ ሰው አሜሪካን አንድ ቀን እንኳ ሳይረግጥ ሀብቱ ለዕውቀት ማስፋፊያ እንዲውል ለዚህች አገር ተናዘዘ፤ ኮንግረሱም በ1846 በስሙ ተቋም አቆመ። ዛሬ በዋሽንግተን ያሉት የስሚዝሶኒያን ሙዚየሞችና መካነ እንስሳቱ መግቢያ አይጠይቁም። አብዛኛው ወጪያቸው የሚሸፈነው ከግብር ነው፤ ከደመወዝህ ከሚቆረጠውም ጭምር ማለት ነው። ስለዚህ በሩ ላይ አትሸማቀቅ። የአንተም ቤት ነው።

መጀመሪያ እናትህን ውሰዳቸው የምልህ ግን ወደ ሙዚየም አይደለም። ኮንግረሱ በሚሰበሰብበት ሕንጻ፣ በካፒቶሉ ግርጌ ቦታኒክ ጋርደን የሚባል ትልቅ የመስታወት ቤት አለ። እሱም ነጻ ነው፤ በየቀኑም ይከፈታል። ውጭው በረዶ ሆኖ ሳለ በሩን አልፈህ ስትገባ የቆላ ሙቀት ይቀበልሃል፤ መነጽር ላይ እንፋሎት ይወርዳል። እናቴ ካፖርቷን አውልቃ፣ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጥላ፣ ቀስ እያለች ስትሄድ በድንገት ቆመች። ከፊቷ የቡና ተክል ነበር። መጀመሪያ ምንም አላለችም። ሰው እንዳያያት ዞር ዞር ብላ ቅጠሉን በሁለት ጣቷ ያዝ አደረገችና በአውራ ጣቷ ጀርባውን ዳበሰችው። ከዚያ አጎንብሳ በቅርንጫፉ ላይ ያሉትን ፍሬዎች መቁጠር ጀመረች፤ ሦስቱ ቀልተዋል፣ የቀሩት አረንጓዴ ናቸው። «ጥላ ያንሰዋል» አለችኝ። ከዚያ የአባቷን ጓሮ፣ ቡናው በማን እጅ እንደተተከለ፣ ለቀማው ሲደርስ ማን ማን ይመጣ እንደነበር ነገረችኝ። በአርባ ምናምን ዓመቴ ስለ አያቴ ያን ያህል የሰማሁት ያን ቀን ነው። ሁለት ሰዓት ያህል አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ነበር፤ ተነሱ ያለን የለም።

ሌላ ማክሰኞ ወደ ተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ውሰዳቸው። እንደገባችሁ አዳራሹ መካከል የቆመው ዝሆን ያስደነግጣል፤ በእውነተኛ ቁመቱ ነው። የሰው ልጅ አመጣጥ የሚታይበት ክፍል እዚያው መሬት ቤት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ተከፈተ። በ1974 አፋር ውስጥ፣ ሐዳር ላይ የተገኘችው የድንቅነሽ ወገኖች ምን ይመስሉ እንደነበር ፊታቸው ተሠርቶ ቆሟል። እናትህ ሃይማኖታቸው ጠንካራ ከሆነ ስለ ዝግመተ ለውጥ አትከራከራቸው። የአገራቸው ስም በዚያ ግድግዳ ላይ መኖሩን አሳያቸውና ዝም በል። ኢትዮጵያ የሚለውን ቃል በላቲን ፊደል ጣታቸውን እያስከተልህ ብታስነብባቸው ይበቃል።

ሦስተኛው አብዝቼ የምወደው ነው፤ ሙዚየምም ትኬትም የለውም። በቀዩ መስመር ባቡር ሳትቀይሩ ፋራጉት ኖርዝ ውረዱና ኮኔቲከት ጎዳናን ይዛችሁ ወደ ቅዱስ ማቴዎስ ካቴድራል አዝግሙ፤ አጭር መንገድ ነው። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በተገደሉ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. ኅዳር 25 ቀን 1963፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ ከዋይት ሐውስ እስከዚህ ቤተ ክርስቲያን ከአስከሬኑ ኋላ በእግራቸው ተጉዘዋል። ከጎናቸው የፈረንሳዩ ደ ጎል ነበሩ፤ ያ ረጅም ሰውና ንጉሣችን ጎን ለጎን የሄዱበት ፎቶግራፍ ዓለምን ዞሯል። እናትህ ያን ጊዜ ትንሽ ልጅ ነበሩ፤ ዜናውን ያስታውሱ ይሆናል፤ ጠይቃቸው። ካቴድራሉ ውስጥ፣ ከመንበሩ ፊት ለፊት፣ የኬኔዲ አስከሬን ያረፈበት ቦታ በእብነ በረድ ላይ ተጽፏል። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ስለሆነ ጫማ አይወለቅም፤ ይህን ቀድመህ ንገራቸው። እናቴ ሳልነግራት ቀርቼ በሩ ላይ ጫማዋን ልታወልቅ ጎንበስ ስትል ደርሼባታለሁ።

ማንበብ የሚወዱ ከሆነ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትን አትለፍ። ጣሪያውንና ደረጃውን ማየት ብቻ ቀን ይሞላል፤ መግቢያው ነጻ ሆኖ የሰዓት ትኬቱን ቀድመህ በኢንተርኔት ትወስዳለህ። በዚያው ሕንጻ የአፍሪካና የመካከለኛው ምሥራቅ የንባብ ክፍል አለ። ትልቁን የአማርኛ–እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ያዘጋጀው ቶማስ ኬን የሰበሰባቸው የግእዝና የአማርኛ ብራናዎች እዚያ ይገኛሉ። ብራናዎቹን ለማየት ቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። የታተሙትን የአማርኛ መጻሕፍት ግን 16 ዓመት የሞላው ማንም ሰው መታወቂያ አሳይቶ በነጻ የአንባቢ ካርድ በማውጣት ተቀምጦ ያነባል። እኔ በክረምት ዕረፍት ቀኖቼን የማሳልፈው እዚያ ነው። አገሬ ሳለሁ ፈልጌ ያጣሁትን መጽሐፍ እዚህ፣ በአረንጓዴ መብራት ሥር፣ በጸጥታ አገኘሁት።

አሁን ስለ አካሄዱ። በሞንጎመሪ ካውንቲ የሚሠራው ራይድ ኦን አውቶቡስ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2025 መጨረሻ ጀምሮ ክፍያ የለውም፤ እስከ ባቡሩ ድረስ በነጻ ትሄዳላችሁ። እናትህ ከ65 ዓመት በላይ ስለሆኑ ለባቡሩ የአረጋውያን ካርድ አውጣላቸው፤ ፓስፖርታቸውን ይዘህ ሂድ፤ ክፍያው በግማሽ ይወርዳል። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ስሚዝሶኒያኖቹ በር ላይ ተሽከርካሪ ወንበር በነጻ እንደሚያውሱ እወቅ። እናቶቻችን «እኔ ምን ሆንሁና!» ይላሉ። አንተ ወንበሩን ብቻ አምጣና ነጠላቸውንና ቦርሳቸውን አስቀምጥበት፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ራሳቸው ይቀመጡበታል።

በር ላይ ፍተሻ አለ። እናቴ ብርቱካን የምትልጥበትን ትንሽ ቢላዋ ከቦርሳዋ አውጥተው ወስደውባት ቀኑን ሙሉ ስታዝን ዋለች፤ ከአገር ይዛው የመጣች ነበረች። ከቤት ስትወጡ ቦርሳቸውን በትሕትና አይላቸው። ምግብ ደግሞ አያሳስብህ፤ በዐቢይ ጾም እሳቸውም እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይቀምሱም። ከዚያ በኋላ ዳቦና ቆሎ፣ በፔርሙዝ ሻይ ይዛችሁ በሙዚየሞቹ መካከል ባለው ሰፊ መስክ ላይ መብላት ይቻላል። ንጹሕ መጸዳጃ ቤት በየሙዚየሙ ስላለ ለአረጋዊ ሰው ከየትኛውም የገበያ መንገድ ይሻላል።

ከመውጣትህ በፊት ግን ክፍት መሆኑን አረጋግጥ። በ2025 መጸው የመንግሥት በጀት ሲቋረጥ ሙዚየሞቹ ለሳምንታት ተዘግተው ነበር።

በመጋቢት አጋማሽና መጨረሻ ላይ የቼሪ አበባው ይፈካል። ጃፓኖች በ1912 የሰጧቸው ከ3,000 የበለጡ ዛፎች ናቸው የዚህ ሁሉ መነሻ። ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ፣ ሕዝቡ ሳይመጣ፣ ዛፎቹ ወደከበቡት ኩሬ፣ ወደ ታይዳል ቤዚን ውሰዳቸው። እስከዚያ የሚቀሩህ ማክሰኞዎች ብዙ አይደሉም። ከቡናው ጀምር። ቀዩን መስመር እስከ ሜትሮ ሴንተር፣ ከዚያ ቀይራችሁ ፌደራል ሴንተር ሳውዝ ዌስት ውረዱ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ አሌክሳንድሪያ ነው የምኖረው። የ4 እና የ7 ዓመት ልጆች አሉኝ። ባለቤቴ ቅዳሜም ይሠራል። መቶ ዶላር ሳላወጣ ልጆቼን የማዝናናበት ቦታ ቢጠቁሙኝ?
ሁለት ልጆች ያላት

መልስ፦ የኔ እመቤት፣ መካነ እንስሳቱ ነጻ ነው። የመግቢያ ወረቀቱን ቀድመሽ ከድረ ገጻቸው ውሰጂ፤ ለሦስታችሁም። በመኪና አትሂጂ፤ ማቆሚያው ውድ ነው። በባቡር ስትሄጂ ክሊቭላንድ ፓርክ ውረጂ፤ ከሌላኛው ጣቢያ ይልቅ መንገዱ ሜዳ ስለሆነ የአራት ዓመቷን አታዝያትም። ከአምስት ዓመት በታች የሆነ ልጅ በባቡር አይከፍልም። ከቻይና የመጡት ሁለቱ ፓንዳዎች ከጥር 2025 ጀምሮ ለሕዝብ ይታያሉ፤ ጠዋት ማልዳችሁ ብትደርሱ ቀርከሃ ሲበሉ ታገኟቸዋላችሁ።

ዝናብ ከሆነ የአየርና የጠፈር ሙዚየም ይሻላችኋል፤ እሱም የሰዓት ትኬት ይፈልጋል። ልጆቹን የአፖሎ 11 ጠፈርተኞችን ይዞ ከተመለሰው የመንኮራኩር ክፍል ፊት አቁሚያቸው። ሦስት ሰዎች ከጨረቃ የተመለሱት በዚያች ጠባብ ነገር ውስጥ ነው፤ ታችኛው ጎኗ በእሳት መለብለቡ አሁንም ይታያል። የሰባት ዓመቱ ልጅሽ እጁን ዘርግቶ ስፋቷን እንዲለካት ፍቀጂለት፤ መስታወቱን ሳይነካ።