ቦርዱ በእጅህ ሳይኖር ፈርምዌር (ቺፑ ላይ የሚጫነውን ኮድ) እንዴት ትፈትናለህ

የኮዬ ፈጬው ወንድማችን የጠየቀው ይሄን ነው። ለኮንዶሚኒየም የውሃ ፓምፕ መቆጣጠሪያ እየሠራ ነው፤ ቺፑ ኤስቲኤም 32 ነው። ኮድ በነካ ቁጥር ቦርዱ ላይ ይጭናል፣ ሮቶው እስኪሞላ ይጠብቃል፣ መሃል ላይ መብራት ይጠፋል። ሃርድዌሩን በሲሙሌተር፣ ማለትም ቺፑን ላፕቶፕ ላይ በሚያስመስል ፕሮግራም፣ ተክቶ ፍተሻው በራሱ እንዲሄድ ማድረግ ይቻላል ወይ?

በደንብ ይቻላል። እኔ ሆለታ አካባቢ ለግሪንሃውስ የመስኖ መቆጣጠሪያ የምሠራው በዚህ መንገድ ነው። ግን ከሲሙሌተር አትጀምር። መጀመሪያ ኮዱን ለሁለት ክፈለው። ፓምፑ መቼ ይነሳ፣ መቼ ይቁም የሚለው ውሳኔ ለብቻው ይሁን። ፒን (የቺፑን እግር) የሚነካው ለብቻው። ውሳኔው የውሃውን ደረጃና ሰዓቱን ከውጭ ይቀበል እንጂ ራሱ ሬጅስተር (ሃርድዌሩ የሚነበብበትንና የሚታዘዝበትን የቺፑ ቦታ) አያንብብ። ያኔ ላፕቶፕህ ላይ በተራ የሲ ኮምፓይለር ይሠራል። ዩኒቲ የሚባለውን ትንሽ የሲ መፈተሻ ጨምርበትና ኮድ ባስቀመጥክ ቁጥር አሂደው።

ይሄ ዋጋው የሚታየው ሰዓት ላይ ነው። ሚሊሰከንድ የሚቆጥር ባለ 32 ቢት ቆጣሪ ከ49 ቀን ከ17 ሰዓት ገደማ በኋላ ወደ ዜሮ ይመለሳል። መነሻውንና ቆይታውን ደምሮ ከአሁኑ ሰዓት ጋር የሚያወዳድር ኮድ እዚያ ላይ ይሳሳታል፤ ሮቶው ገና ሳይሞላ ጊዜው አልቋል ይላል። ትክክለኛው ከአሁኑ ላይ መነሻውን ቀንሶ፣ ምልክት በሌለው (አንሳይንድ) ቁጥር፣ ከቆይታው ጋር ማወዳደር ነው። ይሄን ለማየት ቦርድ ፊት 50 ቀን ማን ይቀመጣል? በፍተሻ ግን ሰዓቱን ጫፍ ላይ አድርገህ ትጀምራለህ፣ አለቀ።

ሁለተኛው የመብራት ነገር ነው፤ እኛ ሰፈር ከሁሉም የሚብሰው እሱ ነው። ቅንብር ፍላሽ (መብራት ቢጠፋም የማይረሳው የቺፑ ማስታወሻ) ላይ እየተጻፈ መብራት ቢጠፋስ? ላፕቶፑ ላይ የውሸት ፍላሽ ሥራ። ሲደመሰስ ሁሉም ቢት 1 ይሁን፣ ሲጻፍ ደግሞ 1ን ወደ 0 ብቻ ይቀይር፤ አብዛኛው እውነተኛ ፍላሽ እንደዚያ ነውና። ከዚያ ከመጀመሪያው ጽሑፍ በኋላ መብራቱን ቁረጥ፣ አስነሳው፣ አንብብ። ከሁለተኛው በኋላም፣ ከሦስተኛውም፣ እስከ መጨረሻው። የገጹ መደምሰስ መሃል ላይም ቁረጥ። ሁልጊዜ ወይ አሮጌው ወይ አዲሱ ቅንብር ሙሉውን መገኘት አለበት። ሁለት ቅጂ፣ ተራ ቁጥርና ሲአርሲ (ጽሑፉ መበላሸቱን የሚያሳይ ማረጋገጫ ቁጥር) ካለህ ያልፋል። አንድ ቅጂ ብቻ ከሆነ መሃል ላይ ይወድቃል። በእጅህ ሶኬት እየነቀልክ ይሄን ሁሉ ነጥብ መቼም አታገኘውም።

እዚህ ስትደርስ ሬኖድ የሚባለውን ሲሙሌተር አምጣ። ነጻ ነው፣ አንዴ ካወረድከው ኢንተርኔት አይፈልግም። ቦርዱ ላይ የምትጭነውን ያንኑ ፋይል ሳትቀይር ያስነሳልሃል። ሰዓቱ የራሱ ስለሆነ ዛሬ የወደቀ ፍተሻ ነገም እዚያው ቦታ ይወድቃል። ሮቦት ፍሬምወርክ ከሚባለው የፍተሻ መሣሪያ ጋር ስታያይዘው «ፒኑን ከፍ አድርግ፣ ዩአርቱ (ቺፑ ጽሑፍ የሚልክበት መስመር) ላይ ይህ መስመር እስኪመጣ ጠብቅ» ማለት ትችላለህ። ኪውኢሚዩ የሚባል ሌላ ሲሙሌተርም አለ፤ ለኤስቲኤም 32 ግን የሚያውቃቸው ቦርዶችና ክፍሎች ጥቂት ናቸው።

አንድ ነገር ልብ በል። ሬኖድ የማያውቀው ሬጅስተር ሲነበብ ዜሮ ይመልሳል። ኮድህ «ክሎኩ ዝግጁ ነው» የሚለውን ቢት የሚጠብቅ ከሆነ እዚያው ሲዞር ይኖራል። ኮዱ ተበላሸ ብለህ ከመጨነቅህ በፊት ሎጉን እይ፤ አድራሻውን ይነግርሃል፤ የሚመልሰውን ዋጋ አንተ ትሰጠዋለህ።

ኮንታክተሩ (የፓምፑን ኃይል የሚያገናኘውና የሚያቋርጠው ማብሪያ) ሲለቅ የሚፈጥረው ረብሻ ቺፑን ሪሴት ቢያደርገው ግን የትኛውም ሲሙሌተር አያሳይህም። የቮልቴጅ መውረዱም እንደዚያው። ለዚህ እውነተኛው ቦርድ ከእውነተኛው ኮንታክተር ጋር የግድ ነው፤ ርክክብ ሳታደርግ በፊት አንድ ሌሊት ሙሉ ሲያበራና ሲያጠፋ ይደር።

በመጀመሪያ የፍላሹን ፍተሻ ጻፍ። ቅንብሩን የምታስቀምጥበትን ኮድ እዚህ ብትለጥፈው ማታ አየዋለሁ።