ሃይድሮጂን ስለገባባቸው የስታይሪን ጎማዎች፦ ጥያቄና መልስ

ሥራዬ ለስላሳ የፕላስቲክ ድብልቆችን ማዘጋጀት ነው፤ በየቀኑ ከእጄ የማይጠፋውም ሃይድሮጂን የገባበት የስታይሪን ጎማ፣ ኤስኢቢኤስ የሚባለው ጥሬ ዕቃ ነው። ስለዚህ ቁስና ስለ ድብልቆቹ የደረሱኝን ጥያቄዎች ሰብስቤ ከዚህ በታች መልሻለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጎማ ነው እንዳይባል ይቀልጣል፤ ፕላስቲክ ነው እንዳይባል እንደ ላስቲክ ይለጠጣል። በትክክል ምንድን ነው?

መልስ፦ ሁለቱንም ነው፤ ምክንያቱም በሞለኪውሉ አሠራር ላይ ይገኛል። አንዱን ሰንሰለት ለይተን ብንመለከት፣ ሁለቱ ጫፎቹ ፖሊስታይሪን፣ ማለትም ተጠቅመን የምንጥለው ርካሽ ኩባያ የሚሠራበት ያው ደረቅና ተሰባሪ ፕላስቲክ ሲሆኑ፣ መካከሉ ግን ረጅምና ለስላሳ የጎማ ክፍል ነው። ጫፎቹና መካከሉ እንደ ዘይትና ውኃ የማይዋሐዱ በመሆናቸው፣ የአንዱ ሰንሰለት ጫፍ ከሌሎች ሰንሰለቶች ጫፎች ጋር እየተሰበሰበ ከ10 እስከ 30 ናኖሜትር ገደማ ስፋት ያላቸው ጠንካራ ቋጠሮዎች ይፈጥራል። ቁሱን ስንለጥጠው የሚለጠጠው መካከለኛው ክፍል ነው፤ ስንለቀው ወደ ቦታው የሚመልሱት ደግሞ እነዚህ ቋጠሮዎች ናቸው። በመኪና ጎማ ውስጥ ይህን የማሰር ሥራ የሚሠራው ድኝ ነው፤ ድኝ አንድ ጊዜ ካሰረው በኋላ ጎማው ቢቃጠል እንጂ ተመልሶ አይቀልጥም። የፖሊስታይሪን ቋጠሮ ግን ሙቀቱ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲደርስ መለስለስ ይጀምራል፣ በማሽን ሙቀት ይፈታል፣ ሲቀዘቅዝም ራሱ ተመልሶ ይቋጠራል። ስለዚህ ማንኛውም ኢንጀክሽን ማሽን ያለው ሰው ሊቀርጸው ይችላል፤ ከሞልድ የተረፈውም ተፈጭቶ እንደገና ይገባል።

እንዲህ ያለ ሥርዓት የያዘ ሰንሰለት በዘፈቀደ አይገኝም። መንገዱን የከፈተው ማይክል ሽዋርትስ በ1956 ያሳየው ነው፦ ሰንሰለቱ የቀረበለትን ጥሬ ዕቃ በልቶ ከጨረሰ በኋላም ጫፉ ሳይሞት ይጠብቃል፣ ሌላ ዓይነት ጥሬ ዕቃ ሲቀርብለትም ከቆመበት ይቀጥላል። በመጀመሪያ ስታይሪን (የፖሊስታይሪኑ ጥሬ ዕቃ)፣ ቀጥሎ ቡታዳይን (የጎማው ክፍል ጥሬ ዕቃ)፣ በመጨረሻም ስታይሪን ቢሰጠው ኤስቢኤስ ይወጣል። ሼል ኩባንያ ይህን ክራተን በሚል ስም በ1965 ለገበያ አቀረበ፤ ሃይድሮጂን የገባበት ወንድሙ ክራተን ጂ በ1972 ተከተለ።

ጥያቄ፦ ሃይድሮጂን ማስገባት ለምን አስፈለገ? ኤስቢኤስ እንዳለ ቢሠራበት ምን ይጎዳል?

መልስ፦ ይህ የሁሉም ነገር መነሻ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ እመልሰዋለሁ። ቡታዳይን በሰንሰለቱ ውስጥ ከገባ በኋላ እያንዳንዱ አሃድ በካርቦኖች መካከል አንድ ድርብ ትስስር ይዞ ይቀራል። ይህ ድርብ ትስስር የጎማው ደካማ ጎን ነው፤ ኦክስጅን፣ ኦዞንና የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በመጀመሪያ የሚያጠቁት እርሱን ነው። በማሽኑ ሙቀት ለረጅም ጊዜ ከቆየም ኤስቢኤስ ጥቃቅን የረጋ ጎማ ይፈጥራል። ሲያረጅ ደግሞ ባሕርዩ እንደ ዓይነቱ ይለያያል፦ በቡታዳይን የተሠራው እርስ በርሱ እየተሳሰረ ይደርቃል፤ የቡታዳይን ዘመድ በሆነው በአይሶፕሪን የተሠራው ግን ሰንሰለቱ እየተቆረጠ ይለሰልሳል፣ ይጣበቃልም።

ስለዚህ ፋብሪካው ፖሊመሩን (ረጅሙን ሰንሰለት) ገና በማሟሟያ ውስጥ ሳለ፣ በኒኬል ወይም በቲታኒየም ላይ በተመሠረተ ካታሊስት (ሂደቱን በሚያፋጥን ቁስ) እየታገዘ፣ በግፊት ሃይድሮጂን ያስገባበታል። ጥበቡ ሃይድሮጂኑ የመካከለኛውን ክፍል ድርብ ትስስሮች ከሞላ ጎደል በሙሉ እየዘጋ የስታይሪኑን የካርቦን ቀለበት ሳይነካ እንዲያልፍ ማድረጉ ነው፤ ቀለበቱ ቢነካ የቋጠሮው ጠባይ ይለወጣልና። ከቡታዳይን የተነሣው ኤስኢቢኤስ፣ ከአይሶፕሪን የተነሣው ደግሞ ኤስኢፒኤስ ይባላል።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ግን ሃይድሮጂን ከመግባቱ በፊት የሚወሰን ሌላ ነገር መኖሩን ነው። ቡታዳይን ወደ ሰንሰለቱ የሚገባባቸው ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ቀጥ ብሎ ይሰለፋል፤ ሁለተኛው ጎን ላይ አጭር ቅርንጫፍ ያወጣል። ቀጥ ያለው ብቻ በብዛት ከኖረ፣ ሃይድሮጂን ሲገባበት መካከለኛው ክፍል ፖሊኤቲሊን ይሆንና እንደ ውኃ መያዣ ጀሪካን የደረቀ ነገር ይወጣል፤ ጎማነቱም ይቀራል። ስለዚህ አምራቾች በሂደቱ ላይ ጥቂት ኤተር በመጨመር ከአሃዶቹ ከ35 እስከ 40 በመቶ የሚሆኑት ቅርንጫፍ እንዲያወጡ ያደርጋሉ። ቅርንጫፉ ሰንሰለቶቹ ተደራርበው እንዳይረጉ ይከለክላል፤ ጎማውም ከዜሮ በታች 50 ዲግሪ አካባቢ እስኪደርስ ድረስ ለስላሳ ሆኖ ይቆያል። አይሶፕሪን ቅርንጫፉን በተፈጥሮው ይዞ ስለሚመጣ ይህ ችግር የለበትም።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ የጫማ ሶል አመርታለሁ። ቲአር ሶሌ በመደርደሪያ ላይ ፀሐይ ሲመታው ይሰነጠቃል። ወደ ኤስኢቢኤስ ልዙር?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አትቸኩል። ቲአር የምንለው ሶል ሃይድሮጂን ያልገባበት ኤስቢኤስ ከዘይት፣ ከፖሊስታይሪንና ከኖራ ዱቄት ጋር የተደባለቀ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነ ከተማ ውስጥ አልትራቫዮሌት ጨረር ከቆላው ይልቅ ይበረታል፤ ስለዚህ ችግርህ የሚጠበቅ ነው። ሆኖም ኤስኢቢኤስ ዋጋው በጣም ይበልጣል፤ ከዋጋው የሚከፋው ደግሞ ማጣበቂያው ነው። ቲአር ሶል ከቆዳው ጋር ከመጣበቁ በፊት ክሎሪን ባለበት ፕራይመር እንደሚቀባ ታውቃለህ። ያ ፕራይመር የሚሠራው ከነዚያው ከወቀስናቸው ድርብ ትስስሮች ጋር ተዋሕዶ ነው። በኤስኢቢኤስ ውስጥ ትስስሮቹ ተዘግተዋልና ፕራይመሩ የሚይዘው ነገር ያጣል፤ ሶሉም ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከጫማው ይላቀቃል። የጠቀመህ ነገር በዚያው ይጎዳሃል ማለት ነው።

እኔ ብሆን መጀመሪያ ከአቅራቢው ጋር በድብልቁ ውስጥ አንቲኦክሲዳንት (ከኦክስጅን ጉዳት የሚጠብቅ ቁስ) እና የአልትራቫዮሌት መከላከያ መኖሩን አረጋግጣለሁ፣ ሶሉ የሚቀረጽበትን ሙቀት ዝቅ አደርጋለሁ፣ ያለቀውንም ዕቃ ከመስኮት አርቃለሁ። ጥቁር ቀለም ከሆነ ካርቦን ብላክ ራሱ ጥሩ መከላከያ ነው። ማጣበቅ የማያስፈልገው ሙሉ በሙሉ በሞልድ የሚወጣ ሰንደል ብትሠራ ግን ኤስኢቢኤስ ሊያዋጣህ ይችላል።

ጥያቄ፦ ድብልቁ ውስጥ ምን ምን ይገባል? ዘይት ይጨመራል ሲባል ሰምቼ አላመንሁም።

መልስ፦ ይመኑ። ንጹሕ ኤስኢቢኤስ ብቻውን ለማሽን አስቸጋሪ ነው፤ በተለይ ሞለኪውሉ ረጅም የሆነው ዓይነት በሙቀትም ቢሆን በቀላሉ አይፈስም። ለመነሻ የሚሆን ድብልቅ 100 ክፍል ኤስኢቢኤስ፣ ከ100 እስከ 150 ክፍል ነጭ የፓራፊን ዘይት፣ ከ30 እስከ 50 ክፍል ፖሊፕሮፒሊን፣ እንዲሁም ጥቂት አንቲኦክሲዳንት ሊኖረው ይችላል። ዘይቱ ለስላሳውን መካከለኛ ክፍል ያሳብጠዋል እንጂ ቋጠሮዎቹን አይነካም፤ ለዚህም ነው ከራሱ ክብደት በላይ ዘይት ጠጥቶ እንኳ ሳያንጠባጥብ የሚቆየው። ፖሊፕሮፒሊኑ ደግሞ ከጎማው ጋር እንደ ሁለት ስፖንጅ እርስ በርሱ ተጠላልፎ ፍሰትና ጥንካሬ ይሰጣል፣ ሙቀትም ያስችላል። ዘይት ሲበዛ ይለሰልሳል፣ ፖሊፕሮፒሊን ሲበዛ ይጠነክራል፤ ከጄል ጀምሮ እስከ 90 ሾር ኤ (የጎማ ጥንካሬ መለኪያ) ድረስ ያለው ልዩነት በአመዛኙ በዚህ ሚዛን ላይ ነው። አሠራሩም ዱቄቱን መጀመሪያ ከዘይቱ ጋር አደባልቆ እስኪጠጣ ለሰዓታት ማቆየት፣ ከዚያ ባለ ሁለት ዘንግ ኤክስትሩደር ውስጥ ማሳለፍ ነው። ሳይጠጣ የተጣደፈ ድብልቅ በዕቃው ላይ ነጫጭ ፍሬዎች ሆኖ ይወጣል።

ዘይቱ ፓራፊን መሆን አለበት ስል የምናገረው ከጥፋቴ ተምሬ ነው። በሥራዬ መጀመሪያ ዓመታት የቀለሙ መጥቆር ያላሳሰበኝን፣ አሮማቲክ ክፍል (እንደ ስታይሪኑ ያለ ቀለበት የያዘ ሞለኪውል) የበዛበትን ዘይት ሳልመረምር ተቀብዬ የመሣሪያ እጀታ ድብልቅ ሠራሁ። ዕቃው ከሞልድ ሲወጣ ያማረ ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን እጀታዎቹ ካርቶናቸውን በዘይት አርሰው፣ ሲጫኗቸው ወደ ቅርጻቸው የማይመለሱ ሆነው ተመለሱልን። አሮማቲክ ዘይት ከፖሊስታይሪን ጋር ይዋደዳል፤ ገብቶም ቋጠሮውን ያለሰልሰዋል። ቋጠሮው ከላላ ጎማ የለም።

ጥያቄ፦ የጥርስ ብሩሽ ላይ ያለው ለስላሳ ክፍል ያለ ሙጫ እንዴት ተጣበቀ?

መልስ፦ እጀታው ፖሊፕሮፒሊን ከሆነ ለስላሳው ድብልቅ ውስጥም ፖሊፕሮፒሊን ስላለ ትኩሱ ሲፈስበት ገጾቹ ይቀላለጣሉ። እጀታው ኤቢኤስ የሚባለው ደረቅ ፕላስቲክ ወይም ናይለን ከሆነ ግን ለዚያ ተብሎ የተዘጋጀ ድብልቅ ያስፈልጋል፤ ተራው እንደ ልጣጭ ይነሣል።

ጥያቄ፦ ለምግብ ዕቃ ክዳን ማሸጊያ ቀለበት መሥራት እፈልጋለሁ፤ በርበሬና ንጥር ቅቤ ይቀመጥበታል። ይፈቀዳል?

መልስ፦ እህቴ፣ ጥያቄሽ ሁለት ነው። በአሜሪካ የፌዴራል ደንብ ርዕስ 21 ቁጥር 177.1810 የስታይሪን ብሎክ ፖሊመሮችን ለምግብ ንክኪ የሚመለከት ሲሆን፣ ሃይድሮጂን የገባባቸውም ዓይነቶች በውስጡ ተካትተዋል። ነገር ግን የፖሊመሩ መፈቀድ የድብልቁ መፈቀድ አይደለም፤ ዘይቱም፣ ማቅለሚያውም፣ መሙያ ዱቄቱም እያንዳንዳቸው ለምግብ የሚሆኑ መሆን አለባቸው። ከአቅራቢሽ የምትጠይቂው የምስክር ወረቀት ስለ ድብልቁ እንጂ ስለ ጥሬው ኤስኢቢኤስ የሚናገር መሆን የለበትም። ሁለተኛው ቅቤው ነው። የቁሱ ትልቁ ድክመት ቅባት ነው፤ ውኃ፣ አልኮልና ቀላል አሲድ ምንም ባያደርጉት ቅባት ገብቶ ያሳብጠዋል፣ የራሱን ዘይትም ወደ ምግቡ ያወጣዋል። ለበርበሬው ክዳን ይሆናል፤ ለቅቤው ሲሊኮን ብትጠቀሚ ይሻልሻል።

ጥያቄ፦ ሙቀትስ? የሞተር አካባቢ ሊገባ ይችላል?

መልስ፦ ሳይቀልጥ መቆየትና ተጭኖ ቅርጹን መመለስ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጥሩ የፖሊፕሮፒሊን ድብልቅ በ121 ዲግሪ እንፋሎት የሚመከን የሕክምና ቱቦ እስከ መሆን ይደርሳል፤ ፒቪሲ ውስጥ የሚጨመረውን ማለስለሻ ለመሸሽ በሚፈለግበት ሆስፒታል ውስጥ የሚመረጥበትም አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ማሸጊያ ሆኖ በ100 ዲግሪ ተጨፍልቆ ወራት ከቆየ ግን ቋጠሮዎቹ ቀስ በቀስ ይንሸራተቱና ጠፍጥፎ ይቀራል። ይህን ለመቋቋም ከሚጠቅሙ መንገዶች ደስ የሚለኝ ፖሊፊኒሊን ኤተር የሚባለውን ፕላስቲክ መጨመር ነው፤ ይህ ፕላስቲክ ከፖሊስታይሪን ጋር ሙሉ በሙሉ ስለሚዋሐድ ወደ ቋጠሮው ገብቶ የመለስለሻ ሙቀቱን ከፍ ያደርገዋል። ቤንዚንና የሞተር ዘይት ለሚረጭበት ቦታ ግን አይሆንም።

የሚገርመው፣ የዚሁ ቤተሰብ አባል በሞተር ዘይቱ ውስጥ ይገኛል። ሃይድሮጂን የገባበት የስታይሪንና የአይሶፕሪን ኮፖሊመር በጥቂቱ ሟሙቶ ዘይቱ ሲሞቅ ከመጠን በላይ እንዳይቀጥን ያደርጋል። ለማሸጊያው ጥፋት የሆነው መሟሟት እዚህ ሥራው ሆነ።

ጥያቄ፦ ናይለን እንዳይሰበር ይጨመራል ይባላል። ናይለንና ይህ ጎማ ይዋደዳሉ?

መልስ፦ አይዋደዱም። ለዚህ ሲባል በጎማው ሰንሰለት ላይ ከ1 እስከ 2 በመቶ የሚሆን ማሌይክ አንሃይድራይድ የሚባል ኬሚካል ይተከላል። ይህ ቡድን በኤክስትሩደሩ ውስጥ ከናይለኑ የአሚን ጫፍ ጋር ይያያዛል፤ ጎማውም ከአንድ ማይክሮሜትር ባነሱ ጠብታዎች ተበትኖ ይጸናል። ስንጥቅ ሲመጣ ኃይሉን የሚበሉት እነዚያ ጠብታዎች ናቸው። በዚሁ መንገድ ኤስኢቢኤስ ፖሊፕሮፒሊንና ፖሊስታይሪን ተቀላቅለው የመጡበትን የተሰበሰበ ፕላስቲክ በጥቂት በመቶ ያስታርቃል፤ አንዱ ክፍሉ ወደ አንዱ፣ ሌላው ወደ ሌላው ያዘነብላልና።

ጥያቄ፦ ኤስኢቢኤስ ብለው የሸጡልኝ ጥሬ ዕቃ ኤስቢኤስ አለመሆኑን በምን ልወቅ?

መልስ፦ በቶሉይን ማሟሟት አይጠቅምዎትም፤ ሁለቱም ይሟሟሉ። ላቦራቶሪ ካገኙ በኢንፍራሬድ ያስመርምሩት፦ ኤስቢኤስ በ966 እና በ911 አካባቢ (አሃዱ በሴንቲሜትር የሚቆጠር የሞገድ ቁጥር ነው) የድርብ ትስስር ምልክት ያሳያል፤ በኤስኢቢኤስ ላይ እነዚህ ሁለቱ ጠፍተው የስታይሪኑ የ699 ምልክት ብቻ ከነበረበት ይገኛል። ከፖሊፕሮፒሊን ጋር ከተደባለቀ ግን የፖሊፕሮፒሊኑ የራሱ ምልክት በ973 አካባቢ ስለሚገኝ የ966ቱን ሊያደናግር ይችላል፤ ስለዚህ ጥሬ ዕቃውን ሳይደባለቅ ያስመርምሩት። ላቦራቶሪ ከሌለ ከሁለት ጥሬ ዕቃዎች፣ አንዱ የታወቀ ኤስቢኤስ፣ ያለ ቀለም ስስ ቁራጮች ቀርጸው በእንጨት ላይ ለጥጠው ይቸንክሩና ጣሪያ ላይ ይተዉአቸው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ኤስቢኤሱ ከተለጠጠበት አቅጣጫ በተሻገሩ ስንጥቆች ይሞላል፤ የተሸጠልዎት ቁራጭ አብሮት ከተሰነጠቀ ገንዘብዎን ይጠይቁ።