አምፖልና ከሰል ጫጩት እንዳያቃጥል፦ ጥያቄና መልስ

የዚህ ሳምንት ጥያቄ የመመለስ ተራ የእትዬ ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ የአንድ ቀን ጫጩት እየተረከቡ፣ አሳድገው የሚሸጡ አባላችን ናቸው። ክረምቱ ገብቷል፤ ሁሉም ማሞቂያ እየሰቀለ ነው። ተቃጠሉብን የሚለውም በዝቷል። ስለዚህ ጥያቄው በማሞቂያ ላይ ይሁን ብለናል።

ከፍኖተ ሰላም፦ እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? ባለ 250 ዋቱን ቀይ አምፖል ሰቀልኩ። ሁለት ጫጩቶች ጀርባቸው ተልጦ አገኘኋቸው። ምን ያህል ላርቀው?

እትዬ፦ እግዚአብሔር ይመስገን። ጀርባቸው ከተላጠ አምፖሉ ወርዷል። ከጉዝጓዙ ከ45 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል። መጀመሪያ ከፍ አድርገህ ስቀል፤ ከዚያ ጫጩቶቹን እያየህ ታወርደዋለህ። ቴርሞሜትሩን ግድግዳ ላይ አትስቀል። ጫጩቱ ጀርባ የሚደርስበት ከፍታ ላይ አድርገው። በመጀመሪያው ሳምንት አምፖሉ ሥር ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ይሁን። ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል እየቀነስክ ትሄዳለህ።

ከቁጥሩ የሚበልጥ ነገር ግን አለ፤ መሸሻ። አምፖሉን መሃል ላይ አትስቀል፤ ወደ አንድ ጎን አድርገው። ሌላው ጎን ቀዝቀዝ ይበል። መኖና ውሃው ወደዚያ ይሁን። ጫጩት ሞቆ ይወጣል፣ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ሲበርደው ይመለሳል። በጠባብ ካርቶን ውስጥ ትልቅ አምፖል የሰቀለ ሰው ጫጩቱን ምድጃ ውስጥ ነው ያስቀመጠው። የት ይሂድ? ባይቃጠል እንኳ ውሃ ጠምቶት ይደርቃል።

አቀማመጣቸውን እዩ። አምፖሉ ሥር ተደራርበው ከጮኹ በርዷቸዋል። ዳር ይዘው ክንፋቸውን ዘርግተው ካለከለኩ ሞቋቸዋል። ሁሉም ወደ አንድ ወገን ከሸሹ ነፋስ ይገባል። ተበታትነው ከበሉና ከተኙ ተስማምቷቸዋል፤ ያን ጊዜ አትንካቸው።

አምፖሉ በሰንሰለት ይሰቀል። በራሱ የመብራት ገመድ አይንጠልጠል። ከፊቱም የሽቦ መከለያ ይኑረው፤ ቢወድቅ እንኳ መስተዋቱ ጭዱን እንዳይነካ።

ከቡሬ፦ ኃይል ቆጣቢ አምፖል ያሞቃል?

እትዬ፦ አያሞቅም።

ከእንጅባራ፦ የኛን ብርድ ያውቁታል፤ መብራትም ይሄዳል። ዲከረንስ ከሚባለው የግራር ዓይነት ዛፍ የሚከሰል ከሰል ግን ሞልቶናል። በማንደጃ አቀጣጥዬ ጫጩቶቹ ክፍል ባስቀምጠውስ?

እትዬ፦ በተዘጋ ቤት ከሰል የለም። ጭስ ስለሌለው አትታለል። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም። ጫጩቱን ብቻ አይደለም፤ ሌሊት ላይ ሊያያቸው የገባውንም ሰው ይገድላል።

ከዳንግላ፦ ይቅርታ እትዬ፣ እኛ በከሰል ነው የምናሳድገው። ምንም አልሆኑብንም።

ከእንጅባራ፦ ጎረቤቴ ጋ በአንድ ሌሊት አለቁ እኮ!

ከዳንግላ፦ እሱ እርጥብ ከሰል ይሆናል።

ከደጀን፦ ምን አደከማችሁ? ያገር ዶሮ አለች አይደል? እሷ ሳታቃጥል ታሳድጋለች።

ከዳንግላ፦ አንዲት ዶሮ መቶ ጫጩት ልታቅፍ?

እትዬ፦ በቃ! እርጥብም ይሁን ደረቅ፣ ፍምም ቢሆን ከሰል ይገድላል። ዶሮዋ ለአሥራ ምናምን ጫጩት ጥሩ ናት፤ ለመቶ አትበቃም። ከሰል የግድ ከሆነ ከላይም ከታችም አየር የሚያስገባ ክፍት ቦታ ይኑር። ማንደጃው ድንጋይ ላይ ይቀመጥ፤ ዙሪያው በሽቦ ይታጠር፤ አጠገቡ ጭድ አይኑር። ሰው ሳይጠብቀው አይደር።

ለእንጅባራ የምመክረው የድርቆሽ ሳጥን ነው። የግብርና ምርምር ሰዎች በአገራችን ሲያስተዋውቁት ኖረዋል፤ እኛ ነን የናቅነው። የእንጨት ሳጥን ትሠራለህ። ውስጥ ለውስጥ በአራቱም ጎን ድርቆሽ ትጠቀጥቃለህ፤ መሃሉ የጫጩቶቹ መኝታ ይሆናል። ድርቆሹ ወደ መሃል እንዳይፈርስ በሽቦ ወንፊት ያዘው። ክዳኑም ድርቆሽ የተሞላ ጆንያ ነው። አየር ማስገቢያ ቀዳዳ አትርሳ። የሚሞቁት በገዛ ገላቸው ነው። መብራት አይፈልግም፣ ከሰል አይፈልግም፣ የሚያቃጥልም ነገር የለበትም። ቀን ቀን ወጥተው ይበላሉ፤ ሲበርዳቸውና ሲመሽ ይገባሉ። በጣም ትንንሽ ሳሉ፣ ብርዱ ሲጠና፣ ሙቅ ውሃ በጀሪካን አድርገህ በጆንያ ጠቅልለህ አጠገባቸው አስቀምጥ። ያልተጠቀለለ ጀሪካን እንዳታስገባ፤ እሱም ያቃጥላል።

ከባሕር ዳር፦ ሙቀቱ ስንት ዲግሪ ይሁን?

እትዬ፦ ከላይ ተናግሬያለሁ። ባሕር ዳር ስለሆንሽ አንድ ልጨምርልሽ። በመጋቢትና በሚያዝያ ቀን ላይ አምፖሉን ማጥፋት ሊያስፈልግሽ ይችላል። ቴርሞሜትሩን እያየሽ አድርጊው።

ከደንበጫ፦ ጫጩቶቼ እየሞቱ ነው። ምን ላድርግ?

እትዬ፦ ስንት ቀናቸው ነው? የት ነው የሚተኙት? አምፖሉስ የት ነው? እባካችሁ እንዲህ አትጠይቁኝ፤ ቤታችሁን ከዚህ ሆኜ አላይም።

ከደንበጫ፦ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። ጥግ ላይ ተደራርበው ይታፈናሉ።

እትዬ፦ እንዲህ ንገሪኝ! በርዷቸዋል፤ ወይም ከበር በኩል ነፋስ ይገባል። መጀመሪያ እሱን ዝጊ። ጥግ እንዳይኖር በካርቶን ክብ አድርገሽ እጠሪያቸው። ካርቶኑ ከአምፖሉ ይራቅ። ሲያድጉ ክቡን አስፊው፤ መሸሻ አትንፈጊያቸው።

ከባሕር ዳር፦ ከርዕሱ ልውጣና፣ ውጭ አገር ያለ ወንድሜ እባብ ያሳድጋል። ከታች የሚነጠፍ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ሆዱን አቃጠለው። ለምን አልሸሸም?

ከደጀን፦ እባብ? በቤት?

ከደንበጫ፦ እኛ ከዶሮ ቤት እናባርራለን፣ እዚያ ያሳድጋሉ?

እትዬ፦ ቁስሉን ለእንስሳት ሐኪም ያሳይ። ማሞቂያው ሙቀቱን የሚቆጣጠር ቴርሞስታት ይኑረው፤ እባቡም በቀጥታ አይተኛበት። እባብ ከሥሩ የሚያቃጥለውን ቶሎ አይሸሽም፤ እንደተኛበት ይቃጠላል። አምፖል ከሆነም እንዳይደርስበት በሽቦ ይከለል። አንዱ ጎን ሙቅ፣ ሌላው ቀዝቃዛ ይሁን፤ ለእሱም መሸሻ ነው የሚያስፈልገው። ወደ ጫጩቱ ተመለሱ።

ከሞጣ፦ የተቃጠለውን ቅቤ ልቀባው?

እትዬ፦ ቅቤ አይነካውም። በንጹሕና ቀዝቀዝ ባለ ውሃ ጨርቅ አርጥበህ ለጥቂት ደቂቃ ያዝለት። ከዚያ አድርቀህ ወደ ሙቀት መልሰው፤ እርጥብ ጫጩት ቶሎ ይበርደዋል። ለብቻው አድርገው፤ ሌሎቹ ቁስሉን እየነቆሩ ይጨርሱታል። ቁስሉ ከከፋ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ አሳየው።

ከአዴት፦ የኔ አምፖል ፈነዳ። ለምን ይሆን?

እትዬ፦ የጋለ መስተዋት ላይ ውሃ ከተረጨ ይፈነዳል። መጠጫቸው ከሥሩ ይራቅ። አምፖሉ የሚገባበት ፖርታ ላምፓዳም ሴራሚክ ይሁን፤ ፕላስቲኩ 250 ዋት አይችልም። በሰንሰለት ነው የሰቀልከው?

ከአዴት፦ በናይለን ገመድ ነው። ሰንሰለት አላገኘሁም።

እትዬ፦ ዛሬውኑ አውርደው። ናይለን ይቀልጣል፤ አምፖሉ ጭዱ ላይ ይወድቃል። ሰንሰለት ከጠፋ ወፍራም የብረት ሽቦ አጥፈህ እሰርበት።