ተማሪዎቼ አይናገሩም ብለሽ ማስተማር አትተዪ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። 9ኛ ክፍል እንግሊዝኛ ስታስተምሪ ሁለተኛ ዓመትሽ ነው። ድሮ እናደርገው የነበረውን የምንናገርበትን «ዩዝድ ቱ»ን በንግግር ላለማምዳቸው ብለሽ 58ቱም ዝም አሉሽ። የትምህርት ክፍል ኃላፊው «ፈተና ላይ መናገር የለም» አለሽ፣ ወንድምሽ ደግሞ ደሞዙ አይበቃሽም፣ ባንክ ተቀጠሪ ይልሻል። «ለዚህ ሙያ አልተፈጠርኩም መሰለኝ» ብለሽ ጻፍሽ።

በዚህ አልስማማም። ዝም ያሉት አንቺ ስለማትችዪ ሳይሆን የሚሉት ስላጡ ነው። «ድሮ ምን ታደርጉ ነበር?» ተብሎ ለ58 ሰው ሲጠየቅ ማን እጁን ያወጣል? ዘጠኝ ዓመት ጠመኔ ይዤ ቆሜያለሁ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን እኔም እንዲሁ ነው ያለፍኳቸው።

ሰኞ ከራስሽ ጀምሪ። ስለ ልጅነትሽ ሦስት ዓረፍተ ነገር ሰሌዳ ላይ ጻፊ፣ «አይ ዩዝድ ቱ ዎክ ቱ ስኩል» ዓይነት፣ አንዷ ግን ውሸት ትሁን። የትኛዋ እንደሆነች ይከራከሩ። ከዚያ አንድ ዴስክ ላይ ያሉት ሦስቱ ተራ በተራ የራሳቸውን ያውሩ፤ ከብት የጠበቀ አለ፣ ጨለማ ይፈራ የነበረ አለ፣ ጓደኛው ውሸቷን ለመያዝ መጠየቁ አይቀርም፣ «ዲድ ዩ ዩዝ ቱ» የምትለዋን ያኔ ስጫቸው። ሲፈልጓት ነው የምትያዘው። ሰባት ደቂቃ ይበቃል፣ ጫጫታውም ያን ያህል አይከፋም።

«አይ ዎዝ ጎ» ሲሉሽ ደግሞ አትደንግጪ። «እሄድ ነበር»ን ቃል በቃል አዙረው ነው። «ስትደውዪ እየሄድኩ ነበር» እና «ልጅ ሳለሁ በእግሬ እሄድ ነበር» ብለሽ ጎን ለጎን ጻፊላቸው። ዩዝድ ቱ ሁለተኛዋ ናት። ልዩነቱን በአማርኛ አሳምረው ያውቁታል።

ለኃላፊው፦ በአፉ ደጋግሞ ያለውን ተማሪ የምርጫ ጥያቄ ቶሎ አያደናግረውም።

ወንድምሽ ስለ ደሞዝ ያለው እውነት ነው፣ ኪራይ ከፍለሽ የሚተርፍሽ ነገር የለም። ግን ባንክ ቤት መስኮቱ ጋ በየቀኑ የምትቀመጪው አንቺ ነሽ፣ እሱ አይደለም። ለቤት በየወሩ ስንት መላክ እንደምትችዪ ቁርጡን ንገሪያቸው። ደግሞ ማናገር የሚችል መምህር ይፈለጋል፤ ውጭ አገር ለመማር ወይም ለመሥራት የሚጠየቀው የእንግሊዝኛ ፈተና፣ የአይኤልትስ፣ የንግግር ክፍሉ ከ11 እስከ 14 ደቂቃ ከፈታኝ ጋር ፊት ለፊት ነው፣ ሰዋስው ብቻ የሸመደደ ሰው እዚያ ይያዛል። እኔን ከኪራይ ጭንቀት ያወጣኝ ቅዳሜና እሁድ ለእንዲህ ዓይነት ተፈታኞች የማስተምረው ነው። ሁለት ተማሪ ይዘሽ ጀምሪ።

የሰኞው ክፍል እንዴት እንደነበር ጻፊልኝ፣ ውሸትሽን መጀመሪያ የያዘው ልጅ ምን ብሎ እንደጠየቀሽም ጭምር።